የአለቃዬ ደም ግፊትና የእኔ መኖሪያ ፈቃድ

የሌላ ሰው ደም ግፊት እንቅልፍ ነስቷችሁ ያውቃል? የእናታችሁን ወይም የትዳር ጓደኛችሁን አላልኩም፤ የእነሱማ ደንብ ነው። እኔ የምለው ሥጋ ዘመዳችሁ ያልሆነ፣ አማርኛ የማይሰማ፣ ስሙን ለመጥራት እንኳ ሊያፏጭ እንደተነሳ ሰው ከንፈር ማሾል የሚያስፈልገው የስድሳ ስምንት ዓመት ኖርዌጂያዊ ደም ግፊት ነው። እኔን የበረዶውን ወራት ሙሉ እንቅልፍ ነስቶኛል።

ኦይስታይን ይባላል። አለቃዬ ነው። አለቃ ስላችሁ ግን ከረባት ያሰረ፣ ጸሐፊ ያለው ሰው እንዳይመስላችሁ። ኦስሎ ውስጥ ማዮርስቱን በሚባል ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ደረጃ ተወርዶ የሚገባበት የምድር ቤት ሱቅ አለው። ያረጁ ሶፋዎችንና ወንበሮችን ገፍፈን እንደገና እናለብሳለን። «እናለብሳለን» ያልኩት እኔንና እሱን ነው። ድርጅቱ በሙሉ ለስብሰባ ሲቀመጥ አንድ ባለ ሁለት ሰው ሶፋ ይበቃዋል።

እንዴት እዚያ ምድር ቤት እንደገባሁ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ውስጥ ሶፋ አለብስ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ኖርዌጂያዊት ከአያቷ የወረሰችውን ወንበር ይዛ መጣች። ስገፍፈው ውስጡ የፈረስ ፀጉር ነው። ጓደኞቼ «ጣለውና ስፖንጅ ጠቅጥቅበት» አሉኝ። እኔ ግን ያን ፀጉር እንደ ሙሽራ ፀጉር አጥቤ፣ አበጥሬ፣ መልሼ ሞላሁት። ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። የአጎቷ ልጅ ደግሞ ኦይስታይን ሆኖ ተገኘ። «እዚህ አገር የፈረስ ፀጉር የሚያበጥር ወጣት ጠፍቷል» ብሎ የሥራ ውል ላከልኝ። ወጣት ያለኝ እሱ ነው፤ እኔ ያኔ አርባን ልረግጥ ነበር። ግን ፈረንጅ ወጣት ሲላችሁ አትከራከሩም።

ፈቃዴ በዚያ ሥራ ላይ የቆመ ነው። ሦስት ዓመት ከሠራሁ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ እችላለሁ። ከዚያ በፊት ሥራው ከጠፋ ግን ሌላ የሙያ ሥራ እንድፈልግ ጥቂት ወራት ይሰጠኛል። ደግ ሕግ ነው፤ አላማሁትም። ችግሩ የእኔ ሙያ ነው። ለጥንቃቄ ብዬ በከተማው ውስጥ ሌላ ሶፋ አልባሽ ባፈላልግ ያገኘኋቸው ሁሉ ከኦይስታይን በዕድሜ የሚበልጡ ናቸው። አንደኛውማ ስልኩን አንስቶ «ቆየኝ፣ የጆሮ መስሚያዬን ላምጣ» ብሎኝ በዚያው ቀረ።

ባለቤቴ ሰብለ እኔን ተከትላ ነው የመጣችው። ባርነሃገ በሚሉት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ልጆች ትጠብቃለች፤ ልጆቹም ወላጆቻቸውም ይወዷታል፤ እሷም ከተማው ዳር ቬስትሊ ያለውን ጠባብ ቤታችንን ትወደዋለች። የሰብለ ፈቃድ በእኔ ላይ ተንጠልጥሏል። የእኔ ፈቃድ በኦይስታይን ላይ ተንጠልጥሏል። ኦይስታይን በምን ላይ እንደተንጠለጠለ ግን አስቤው አላውቅም ነበር፤ እስከ አንድ የጥር ሰኞ ጠዋት ድረስ።

በዚያ ጠዋት ኦይስታይን ጢሙ ላይ በረዶ አንጠልጥሎ፣ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀልቶ ደረጃውን ወረደ።

«ምን ሆንክ?» አልኩት፤ የያዝኩት መዶሻ ከእጄ ሊወድቅ።

«ዋኘሁ።»

«የት?»

«ፊዮርዱ ውስጥ ነዋ።»

«ባሕሩ በረዶ ሆኖ የለም እንዴ?»

«አዎ! በመጋዝ ቆርጠን ቀዳዳ አበጀንለት። ዳይሊ!»

ዳይሊ ማለት በኖርዌጂያኖች ቋንቋ «ደስ የሚል» ማለት ነው። በእኔ ትዝብት ግን ቃሉን የሚጠቀሙበት አንድ ሌላውን ሰው የሚገድል ነገር እነሱን ሳይገድላቸው ሲቀር ነው።

ማታ ወደ ቤት ስመለስ ነገሩን ለጋሽ ታምሩ ነገርኳቸው። ጋሽ ታምሩ ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩ፣ ድሮ በስደት መጥተው ዜግነት የወሰዱ፣ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ስለ ኖርዌይ የማያውቁት ነገር የለም፤ የማያውቁት ቢገጥማቸውም ይነግሯችኋል።

«ልቡስ?» አሉኝ።

«ልቡን ምን አውቃለሁ?»

«አያችሁ! የወንበሩን ስፕሪንግ አንድ በአንድ ያውቃል፤ የቀጣሪውን ልብ አያውቅም!» አሉ ማንም በሌለበት ደረጃ ላይ ዘወር ብለው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማ ልጄ። እኔን የተቀበለኝ መንግሥት ነው። መንግሥት በረዶ ውስጥ አይዋኝም። አንተን የያዘህ አንድ ሽማግሌ ነው። ወረቀትህ እስኪመጣ ድረስ ይህን ሰውዬ እንደ እንቁላል ያዘው።»

እንደ እንቁላል ያዝኩት።

ጠዋት ጠዋት ከእሱ ቀድሜ ደርሼ የሱቁን ደረጃ በረዶ እጠርጋለሁ፤ ጠጠር እበትናለሁ፤ እሱም አልበቃ ብሎኝ ጨው እጨምርበታለሁ። አንዲት ደንበኛችን ውሻዋ ከእኛ ደረጃ ላይ ጨው እየላሰ አልሄድ እንዳላት ቅሬታ አቀረበች። የጨርቅ ጥቅል ሊያነሳ ሲያጎነብስ ከእጁ እነጥቃለሁ። መሰላል ላይ ሲወጣ እግሩን እይዛለሁ፤ የመሰላሉን አይደለም፣ የሰውየውን። «እንዴት ልሥራ?» ሲለኝ «ቀስ ብለህ» እለዋለሁ። ሳል ካሳለ ሥራ አቁሜ ሁለተኛው ሳል መጣ አልመጣ ብዬ አዳምጣለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ኦይስታይን ሳያውቀው ጾመ። ምሳው ዳቦ ነው፤ ዳቦው ላይ ቅቤ፣ ቅቤው ላይ ቡኒው የአገራቸው አይብ፣ አንዳንዴ አይቡ ላይ ሌላ ቅቤ። ቅቤውን ከማጣበቂያ ቆርቆሮዎች ጀርባ ደበቅሁት። በምትኩ ሰብለ የሠራችውን ምስርና ጎመን አቀረብኩለት። መጀመሪያ በጥርጣሬ አሸተተው፤ በሳምንቱ «ዛሬ ምስሩ የታለ?» ማለት ጀመረ። የሚገርመው እሱ ይህን ሁሉ የኢትዮጵያ ባህል አድርጎ ወሰደው። ለባለቤቱ ለማሪት በስልክ ሲነግራት ሰምቻለሁ፤ «እነሱ አገር ሽማግሌ እንደ ንጉሥ ነው፤ በርጩማ እንኳ አያስነሱኝም» ይላታል። ከዚያ ስልኩን ዘግቶ «ግን እኔ ሽማግሌ ነኝ እንዴ?» አለኝ ቅር ብሎት።

በዚሁ ሰሞን የኖርዌጂያንኛ የቃል ፈተና ነበረብኝ፤ ያለሱ ቋሚ ፈቃድ አይታሰብም። ሁለት ሁለት እየሆንን ነው የምንፈተነው። ፈታኟ ሥዕል አስቀመጠችልን። አንድ ሽማግሌ መሰላል ላይ ቆሞ አምፖል ይቀይራል። አብሮኝ የተፈተነው ፖላንዳዊ «ሰውየው አምፖል ይቀይራል። ሸሚዙ ሰማያዊ ነው» ብሎ በሰላም ጨረሰ። እኔ ሥዕሉን ሳየው ደሜ ፈላ።

«መሰላሉን ለምንድነው የሚይዝለት ሰው የሌለው?» አልኩ። «ይህ ሰው ቤተሰብ የለውም? ደም ግፊቱን ተለክቷል? አምፖሉስ ነገ ቢቀየር ምን ይሆናል? እሱ የሚወድቀው ብቻውን መስሎታል! በእሱ ላይ ስንት ሰው ተደግፎ እንደቆመ አያውቅም!»

ድምፄ ሳይታወቀኝ ተሰበረ። ፈታኟ መጻፏን አቁማ አየችኝ።

«አባትህን ነው ያስታወሰህ?» አለችኝ በሐዘኔታ።

«ናይ፣ አይደለም፤ አለቃዬን ነው» አልኳት።

ከሚፈለገው ደረጃ በላይ አለፍኩ። «ስሜትን የመግለጽ ችሎታው ከፍተኛ ነው» ሳይባልልኝ አልቀረም።

ፈተናውን ባልፍም ሰውየው መዋኘቱን አልተወም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄሱ ዘንድ ቀረብኩ።

«አባቴ፣ በጸሎት እንዲያስቡልኝ የምፈልገው ሰው አለ።»

«የክርስትና ስሙ ማነው?»

«የክርስትና ስም እንኳ... ኦይስታይን ነው የሚባለው።»

«ኦ... ማን?»

«ኦይስታይን።»

ቄሱ አንድ ሁለቴ ሞከሩት፤ ከንፈራቸው አልሾል አለ። «እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው ተዉት። «ሕመሙ ምንድነው?»

«ጤነኛ ነው አባቴ። ችግሩም እሱ ነው። ጤነኛ ነኝ ብሎ በረዶ ውስጥ ይገባል፣ ተራራ ይወጣል።»

«ታዲያ እንዲያገኝ የምትፈልገው ምንድነው?»

«ቁጭ እንዲል ነው።»

ቄሱ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑት። «ልጄ፣ ከሁለታችሁ መጀመሪያ የምትታመመው አንተ ነህ» አሉኝና አንድ ጠርሙስ ጠበል ሰጡኝ። እኔም ሰኞ ጠዋት በአክብሮት ወስጄ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ለማስረዳት ቃል ስመርጥ ስልክ ጠራኝ። ተመልሼ ስመጣ ኦይስታይን ጠበሉን ጨርቅ በምንተኩስበት የእንፋሎት ካውያ ውስጥ ገልብጦት፣ የአንድ ጠበቃን አረንጓዴ ሶፋ ዙሪያውን እየዞረ ይባርካል። ጠበቃው በኋላ ደውሎ ሶፋው ላይ የሚያስገርም እንቅልፍ እንደሚወስደው ነግሮናል። ለእኔ የታሰበ እንቅልፍ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ዓመቴ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው ኦይስታይን ዐርብ ዕለት መርፌውን አስቀምጦ እንዲህ ያለኝ፤ «አንተ የምትኖረው ቬስትሊ ነው፤ ከባቡሩ ስትወርድ ጫካ ነው። ይኼን ሁሉ ጊዜ ጫካው ደጃፍ ላይ ኖረህ አንድ ቀን ገብተህ አታውቅም?»

«ጫካ ውስጥ ምን ጠፍቶኝ?»

«ነገ እኔና ማሪት እንመጣለን። ላንተም ስኪ እናመጣልሃለን።»

ናይ ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ሐሳቤን ለወጥሁ። ሰውየው በረዶ ላይ መንሸራተቱ ካልቀረ ዓይኔ እያየ ይንሸራተት። ከፊት ከፊቱ ሆኜ እወርዳለሁ፤ ቢወድቅ እቀበለዋለሁ።

«አንተ?» አለች ሰብለ ማታ ስነግራት። «በካልሲ ወለል ላይ አዳልጦህ ቁም ሣጥን ታቅፈህ የተገኘህ ሰውዬ፣ ሌላ ሰው ልትቀበል?»

በማግስቱ መጡ። ማሪት ቀጭን፣ ቀልጠፍ ያለች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። እንደደረሰች ስኪውን እግሬ ላይ አሰረችልኝና ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፤ ወደ ጦር ሜዳ የሚሄድ ልጇን እንደምትሸኝ እናት። ሜዳ ሜዳው ላይ እንደምንም ተጓዝኩ። እንዲያውም ትንሽ ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣ።

ኦይስታይን ጉልበቱን ሰበር አድርጎ ሲዘጋጅ አየሁት። «ቆይ፣ እኔ ልቅደም!» ብዬ ዱላዎቼን ተከልኩ። መቅደሙንስ ቀደምኩ። ይህን ያህል ነገር በሕይወቴ ቀድሜ አላውቅም። ዛፎቹ በግራና በቀኝ ይሮጣሉ፤ አንድ ውሻ የያዘች ሴትዮ ውሻዋን አቅፋ ከመንገድ ወጣች፤ እኔ በዚህ ሁሉ መሐል አንገቴን ወደኋላ አዙሬ «ቀስ! ኦይስታይን ቀስ በል!» እያልኩ እጮኻለሁ። ኦይስታይን ከላይ ቆሞ ነው የሚያየኝ፤ ገና አልተነሳም።

ከጥድ ዛፍ ጋር ተገናኘን። አንዱ ስኪ ወዲያ፣ ሌላው ወዲህ፣ እኔ መሐል ላይ። ከቁርጭምጭሚቴ በሙያዬ ጠንቅቄ የማውቀው ድምፅ ተሰማ፤ የወንበር እግር ከማጣበቂያው ሲላቀቅ የሚያሰማው ዓይነት።

በዚያ የሚያልፉ ባልና ሚስት ሕፃን የሚጎተትበት ተንሸራታች ይዘው ነበር። ሕፃኑን አንስተው አባትየው ደረቱ ላይ አሰረው፤ እኔን በሕፃኑ ቦታ አስቀመጡኝ። ጉልበቴ አገጬ ላይ ደርሶ፣ የአበባ ሥዕል ባለው የሕፃን ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ፣ ቀበቶ ታስሮልኝ ተቀመጥኩ። ሕፃኑ ወንበሩን የነጠቀውን ጢማም ሰው እያየ ያለቅሳል። ኦይስታይን መጎተቻውን ወገቡ ላይ አስሮ ዳገቱን ተያያዘው።

እግሬ እንዴት እንደሚያመኝ አልነግራችሁም። ግን ከእግሬ ይልቅ ያስጨነቀኝ ከፊቴ የሚሰማው የሰውየው ትንፋሽ ነበር። ይቆረጣል፣ ይቀጥላል፣ ያፏጫል።

«ቁም!» ብዬ ጮኽኩ። «ኦይስታይን፣ ልብህ! እረፍ! እኔን እዚህ ተዉኝ!»

«ብርዱ አእምሮውን ነክቶታል» አለች ማሪት።

«አልነካኝም! ማሪት፣ አስቁሚው! ደም ግፊቱ ይነሳል!»

ኦይስታይን ቆመ። ዞሮ አየኝ። ጢሙ ላይ እንደዚያ ሰኞ ጠዋት በረዶ ተንጠልጥሏል።

«ስለ ልቤ እንዲህ የምትጨነቀው ለምንድነው?» አለኝ። «ደረጃው፣ መሰላሉ፣ ምስሩ... ባህል ነው ብዬ ነበር። ባህል ብቻ አይደለም፣ አይደል?»

የሕፃን ብርድ ልብስ የለበሰ ሰው ለመዋሸት አቅም የለውም። ሁሉንም ነገርኩት። ፈቃዴን፣ ሰብለን፣ የጆሮ መስሚያውን ሊያመጣ ሄዶ የቀረውን ሶፋ አልባሽ፣ ጋሽ ታምሩን፣ ከማጣበቂያው ጀርባ ያለውን ቅቤ። ኦይስታይን መጎተቻውን ከወገቡ ፈታ። በረዶው ላይ ዝርፍጥ ብሎ ተቀመጠ። በስንት ጸሎት ቁጭ አለ! ማሪትን አያት። ማሪት የጥዶቹን ጫፍ ትመለከታለች።

«ንገረዋ» አለችው።

«ሱቁን ልዘጋው የነበረው ባለፈው ዓመት ነው» አለኝ ኦይስታይን። «ማሪት ስፔን ውስጥ ፀሐይ የሚመታው ትንሽ ቤት አግኝታለች። በረንዳ አለው። ሻንጣ ሁሉ ገዝታ ነበር። ከዚያ ስለ አንተ ፈቃድ ሳነብ፣ ሱቁን ከዘጋሁ ምን ውስጥ እንደምትገባ ገባኝ። ስለዚህ ፈቃዱ እስኪመጣለት ድረስ ሱቁም እኔም መቆየት አለብን አልኳት። ሐኪሙ ደግሞ በዚያው ሰሞን ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ ካልተንቀሳቀስክ ነገሩ አያምርም አለኝ።»

«ታዲያ የበረዶው ዋናስ?»

«ላንተ ነው።»

«ስኪውስ?»

«ላንተ ነው።»

«ዳይሊ ስትለኝ አልነበረም እንዴ?»

«ምን ልበልህ? ውኃውን እጠላዋለሁ! ስገባ እናቴን ነው የምጠራው።»

«ሐኪሙ ተራመድ ነው ያለው» አለች ማሪት፤ ያን ቀን ከተናገረችው ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር። «ዋና የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ይሄ ሰውዬ ግን ምንም ነገር በልክ አይዝም። እኔም ዳር ላይ ፎጣ ይዤ ስንቀጠቀጥ ነው የከረምኩት። እሱም ላንተ ነው።»

ሳቅ መጣብኝ። ከኋላው ለቅሶ መጣ። ሁለቱ ጉሮሮዬ ላይ ተገናኝተው ማን ቀድሞ ይውጣ እየተባባሉ የሆነ የአህያ ድምፅ የመሰለ ነገር ወጣኝ። ኦይስታይንም ሳቀ፤ ማሪትም ዓይኗን በጓንቷ ጠረገች። ከሁላችንም ለማልቀስ በቂ ምክንያት የነበረው ግን ሕፃኑ ነው፤ ተንሸራታቹን ፈልጎ ማልቀሱን ቀጠለ።

ሌገቫክት፣ ማለትም ድንገተኛ ሕክምና ስንደርስ ነርሷ ክንዴን ልታስር ስትል «መጀመሪያ የእሱን ለኪው» ብዬ ኦይስታይንን ጠቆምኳት። ታካሚው ማን እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት። በመጨረሻ እኔን ለመገላገል ስትል ሁለታችንንም ለካችን። የኦይስታይን ግፊት የጎረምሳ ግፊት ሆኖ ተገኘ። የእኔን ስታይ መሣሪያው የተበላሸ መስሏት ሌላ አመጣች። ሌላውም ያንኑ አለ።

«የሚያስጨንቅህ ነገር አለ?» አለችኝ።

«አለ» አላት ኦይስታይን። «እኔ ነኝ።»

የሰውየው ግፊት መስተካከል የማን ሥራ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተስማማንም። ማሪት እግር ጉዞው ነው ትላለች። ሰብለ ምስሬ ነው ትላለች። ቄሱ ፈገግ ብለው ዝም ይላሉ። ጋሽ ታምሩ ግን ከመጀመሪያው እሳቸው ባይነግሩኝ ኖሮ ሰውየው ይሄኔ አፈር እንደነበረ ለመላው ማኅበረ ምእመናን ነግረዋል።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። እግሬ በጄሶ ታስሮ ሥራ ስገባ ኦይስታይን በተራው እኔን ይጠብቅ ጀመር። «ፈቃዱ የሚሰጠው ላንተ ነው፤ አንተ አንድ ነገር ብትሆን ለማን ሊሰጡት ነው?» እያለ ሶፋ ላይ አስቀምጦ እግሬን ትራስ ላይ ይሰቅልልኛል። አንድ ቀን ማለዳ በመስኮት ሳይ ቬስትሊ ድረስ መጥቶ የእኛን ደረጃ ጠጠር ሲያለብስ አገኘሁት። ጋሽ ታምሩ ከላይ ሆነው «በግራ በኩል ይቀራል!» እያሉ ያዙታል።

ሦስት ዓመቴ ሞላና ማመልከቻዬን አስገባሁ። ፖሊስ ጣቢያ ቀርቤ ወረቀቴን ለማሳየት ቀጠሮ ያስፈልጋል፤ ቀጠሮ ደግሞ የሚገኘው አንድ ሰው የያዘውን ሲሰርዝ ነው። እኔ በዚህ ሙያ ሌላ ዲግሪ ሊሰጠኝ ይገባል። ገና ዓይኔን ሳልገልጥ ጣቴ ገጹን ይከፍታል፤ ሲዘጋ እከፍታለሁ፤ ሲከፈት ዘግቼ እከፍታለሁ። በመጨረሻ አንዷን ቀዳዳ አገኘሁና በክራንች ሄድኩ። ኦይስታይን ሙሉ ልብስ ለብሶ አብሮኝ መጣ፤ ሙሉ ልብስ ለብሶ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

«እኚህ ማናቸው?» አለች የመስኮቷ ሠራተኛ።

«አሠሪዬ ነው።»

«አሠሪ መምጣት አያስፈልገውም።»

«ያስፈልገዋል» አለ ኦይስታይን፤ «በሕይወት መኖሩን እንድታዩት ነው።»

ሠራተኛዋ ሁለታችንንም ቀና ብላ አየችንና አሻራዬን ወሰደች።

መልሱ የመጣው ከወራት በኋላ፣ አንድ አሮጌ ሶፋ ላይ ስፕሪንግ እያሰርን ሳለ ነው። ስልኬ ጮኸ። አነበብኩት። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ ግን የማውቀውን ቃል አላምነው ብዬ ስልኩን ለኦይስታይን ሰጠሁት። መነጽሩን ፈልጎ፣ አጣርቶ፣ ጮክ ብሎ አነበበው። «ተፈቅዷል።» እኔ ያልተጠናቀቀው ሶፋ ላይ ተቀመጥኩ፤ አንድ ስፕሪንግ ወጋኝ፤ አልተነሳሁም። ሰብለ ስደውልላት ባርነሃገው ግቢ ውስጥ እልል አለች፤ ሕፃናቱም ጨዋታ መስሏቸው እልልታውን ተቀበሏት።

ከዚያ ኦይስታይን ማሪትን ደወለላት። «መጣለት» ነው ያላት፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ከስልኩ ውስጥ የወጣውን ጩኸት የሰማ ሰው ያቺ ሴት ብዙ አትናገርም ብሎ አይመሰክርም። በዚያች ሰዓት ኦስሎ ውስጥ በእኔ መኖሪያ ፈቃድ ከእኔ ይበልጥ የተደሰተ ሰው ቢኖር ማሪት ናት። ከጩኸቱ ቀጥሎ የሻንጣ ዚፕ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ኦይስታይን ቀኑ ሳይመሽ ጡረታ መውጣቱን ነገረኝ። መሣሪያዎቹንም እኔንም ግሩነርሎካ የሚባል ሰፈር ያለ አንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ተረከበን። አዲሷ አለቃዬ ሠላሳ ዓመት ያለፋት አትመስልም፤ ወደ ሥራ በብስክሌት ትመጣለች። ልቧን አልጠየቅኋትም።

ባለፈው ሳምንት ከስፔን ስልክ ተደወለ። የኦይስታይን ድምፅ እንዲህ ዝግ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። ደነገጥኩ።

«ምን ሆንክ? ግፊትህ ነው?»

«ናይ፣ ናይ። ፀሐዩ ጥሩ ነው። በረንዳውም ጥሩ ነው» አለኝ። «ለካ እዚህ ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ የውጭ አገር ሰው መመዝገብ አለበት።»

«የውጭ አገር ሰው ማነው?»

«እኔ» አለ ቅስሙ ተሰብሮ። «ፖሊስ ጣቢያ መቅረብ አለብኝ። በቀጠሮ ነው። ገጹን ስከፍተው ቀጠሮ የለም ይለኛል። ትናንትም የለም፣ ዛሬም የለም። ማሪት ደግሞ ያቺን ሻንጣ እያየች መሳቅ ትታለች።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ገጹን በስንት ሰዓት ነው የምትከፍተው?»

«ቁርስ በልቼ ስጨርስ።»

«ኦይስታይን» አልኩት፤ ቄሱ ከእኔ ጋር ሲነጋገሩ የሚጠቀሙበትን ድምፅ ተውሼ፤ «ማሪትን ጥራት። ሁለታችሁም ቁጭ በሉና ስሙኝ። በመጀመሪያ ነገር፣ ከእንግዲህ ቁርስ የሚባል ነገር የለም።»